የሰርግ ሚኒባስ

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ድንገት ቀኑ እንዲቀርብ ተደረገ ተባልኩ። ሰርጉ ውቅሮ ስለሆነ ሚኒባስ በኮንትራት ይዘናል፣ በማለዳ ሓድነት ሰፈር መጥተን ከቤትሽ እንወስድሻለን አሉኝ ዘመዶቼ። እኛ ቤት ደግሞ ሰርግ የማደምቀው እኔ ነኝ። የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከበሮዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ጠበቅኳቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ ሁሉም አቀርቅረዋል። እልል የሚል እንኳ የለም።

"የሰርግ መኪና ነው ወይስ የሐኪም ቤት ወረፋ?" አልኳቸው። ከበሮዬን እየመታሁ ዘፈን አወጣሁ፤ የሚቀበለኝ ጠፋ። አክስቴ ለተብርሃን እጄን ያዝ አድርጋ "ቀስ በይ፣ ጓለይ፤ ቀስ በይ ልጄ" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። "ስናለቅስ ከርመን አንድ ቀን ብንጨፍር ምን አለበት? ወንድሜ ከጦርነቱ ሲመለስም እንዲህ አኩርፋችሁ ነው የምትቀበሉት?"

እኔም በእልህ ብቻዬን እየዘፈንኩ ከበሮውን ደለቅኩት።

ሮማናት አደባባይ ስንደርስ ሹፌሩ የውቅሮን መንገድ ትቶ ወደ እናቴ ሰፈር፣ ወደ እንዳ ኢየሱስ ታጠፈ። እናቴን ልንጭን ነው ብዬ ከበሮዬን ቀጠልኩ። እናቴ ደጅ ግን ድንኳን ተጥሏል፤ ጎረቤቱ በሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

"ሰርጉ እዚህ ሆነ እንዴ?" ብዬ ዞር ስል፣ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ነው። አክስቴ ከበሮውን ቀስ ብላ ከአንገቴ አወረደችው።

"አጆኺ፣ ጓለይ፤ አይዞሽ" አለችኝ።

የወንድሜን መርዶ ልሰማ፣ መንገዱን ሁሉ እየጨፈርኩ ነው የመጣሁት።