ባና ተራ እና ባለ ነብሩ ብርድ ልብስ

ይህን ልጻፍ ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ። ሰው የሞተበት ታሪክ አይደለም። አውሬ አላባረረኝም፤ የጠፋ ዘመድም አላገኘሁም። አንድ ብርድ ልብስ ስለ መግዛት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሰው ጊዜ ሊወስድ ይገባዋል ወይ ብዬ አሁንም እጠራጠራለሁ። በዶርም አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግን ታሪኩን ሁለቴ አስደግማ ከሰማች በኋላ "ይሄንን ካልጻፍሽ ምን ልትጽፊ ነው?" አለችኝ። እሷን አምኜ ጻፍኩት። ጉድለት ቢኖርበት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የተወለድኩት መንዝ ነው። የከተማችንን ስም አልጠራም፤ ትንሽ ናት፣ በነገሩ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም ዛሬም ጎረቤታሞች ናቸው። መሐል ሜዳ ደርሶ ሌላ ሚኒባስ መያዝ ያስፈልጋል ካልኩ ይበቃል። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ ይህን ብርድ የሚችለው ባና ነው። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ሸማኔው ይሠራዋል፣ ከዚያ በሞቀ ውሃ እየተነከረ እስኪጠብቅ ድረስ በእግር ይረገጣል። እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገችው ባና ሸጣ ነው።

የምትሸጠው ባና ተራ በሚባለው ቦታ ነበር። ከገበያው መሀል ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ከነፋስ የተከለለ። በየቅዳሜው ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች በረድፍ ይቀመጡበታል። ማንም ወረቀት የለውም፤ ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ሁሉም ያውቃል። የእናቴ ቦታ የእናቷ ቦታ ነበር።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ባናችንን ተሸክመን ብንሄድ ባና ተራ በቆርቆሮ ታጥሮ አገኘነው። ቦታው ለአቶ ታምራት መጋዘን ተሰጥቷል ተባለ። አቶ ታምራት የከተማችን ትልቁ ነጋዴ ናቸው። ሳሙና፣ ዘይት፣ ጨው፣ ክብሪት፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ምን የሌለ አለ? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ለስላሳ ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ሴቶቹ "የት እንሂድ?" ብለው የከተማ አስተዳደሩን ቢሮ ሲጠይቁ "ከከብት ተራ ጀርባ" ተባሉ። ከከብት ተራ ጀርባ ያለው ቦታ ክረምት ሲገባ ረግረግ ነው። የረጠበ ባና ደግሞ ማንም አይገዛም።

ሦስት ጊዜ አመለከቱ። ሦስቱንም ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለነበርኩ "የተማረችው ትጻፍልን" ብለው ነው። በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ "ጉዳዩ፦" ብዬ ከሥሩ አስምሬ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተሰብስበን ሳለ እትዬ አሰገደች ተነሡ። እትዬ አሰገደች ባና ተራ ላይ ከእናቴ ቀጥሎ የሚቀመጡ፣ አንደበታቸው የማይቻል ሴትዮ ናቸው።

"መቀመጫችንን ለወሰደ ሰው እኛ ደግሞ ገዢ ሆነን እንሰለፍለታለን እንዴ?" አሉ። "እኔ ከዛሬ ጀምሮ ከታምራት ሱቅ ክብሪት እንኳ አልገዛም። የሚገዛ ይግዛ።"

ቀጥሎ እናቴ ተነሣች። ሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ናት። "እኔም" ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላው፤ ወንዶቹም። አንድ ሰው "ግዝት ይደረግበት" ሲል የንስሐ አባታችን እጃቸውን አነሡ። "ግዝት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለሳሙናና ለጨው አላወጣውም" አሉ። "ቃላችሁ ካልያዛችሁ የእኔ ግዝት አይዛችሁም።"

ስለዚህ ቅጣት የሌለው ስምምነት ሆነ። የሚያስረው አንዱ የሌላውን ዓይን ማየቱ ብቻ ነበር።

ያ ክረምት ቀላል አልነበረም። ልብስ በእንዶድ ማጠብ ጀመርን፤ እጃችን ቢሻክርም ነጠላው ነጣ። ክብሪት ሲያልቅ እሳት ለመጫር ጎረቤት መሄድ ተመለሰ፤ በዚያው ወሬውም ይጫራል። መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ሱቆች፣ ቀድሞ ከአቶ ታምራት ተረክበው የሚቸረችሩት፣ ተባብረው ጨውና ዘይት ከመሐል ሜዳ ያስመጡ ጀመር። ሴቶቹ ረግረጉን ትተው አስፋልት በሌለው መንገድ ዳር ማዳበሪያ አንጥፈው ይሸጡ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ባናውን በገላቸው ይከልሉታል።

በሐምሌ እናቴና እትዬ አሰገደች ቢሮ ተጠሩ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ።

"አድማ እያደረጋችሁ ነው። ማነው ያነሣሣችሁ?" አላቸው የቢሮው ኃላፊ።

"ጌታዬ" አሉ እትዬ አሰገደች፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ሳሙና አለመግዛት በየትኛው አንቀጽ እንደተከለከለ ንገረኝና አሁኑኑ ሄጄ ሁለት እገዛለሁ።"

ሰውየው ፊቱ ያለውን ወረቀት አገላበጠ። "ሂዱ" አለን። ከግቢው እስክንወጣ ድረስ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

መስከረም አጋማሽ ላይ የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን አወቅሁ። ይዘን እንድንመጣ ከተዘረዘሩት ዕቃዎች አንዱ ብርድ ልብስ ነው። እናቴ ደስ ብሏት "የኔ ልጅ ባና አታጣም" አለች። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ባና ሲረጥብ በግ በግ ይሸታል። ከተለያየ ከተማ የሚመጡ ልጆች ምን ይሉኛል? ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ አሰብኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

አንድ ሐሙስ የከተማው ሰው በሙሉ ከወንዝ ማዶ ቀብር ሄዶ ነበር። እኔ "ራሴን አሞኛል" ብዬ ቀረሁና አጎቴ ለመንገድ የሰጠኝን ገንዘብ ይዤ ወደ አቶ ታምራት ሱቅ ሄድኩ። በር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

"ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ። አልበላሽም" አሉኝ።

ባለ ነብሩን አወረዱልኝ። ቢጫ ነብር ሣር ውስጥ ተኝቶ አፍጥጦ የሚያይ ሥዕል አለበት። ስዳስሰው እጄ ውስጡ ጠፋ። አቶ ታምራት ራሳቸው ማዳበሪያ ውስጥ ከተቱልኝና "ገብስ ነው በዪ" ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

ብርድ ልብሱን ከአልጋዬ ሥር ደበቅሁት። ለሁለት ቀን ደህና ዋልኩ።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መንገድ ዳር ተደርድረዋል። እኔ ከእናቴ አጠገብ ፈትል እያጠነጠንኩ ነበር። አቶ ታምራት ከሱቃቸው ደረጃ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ወይዘሮ ዘነቡ! አገሩን ሁሉ ከእኔ እንዳይገዛ ከልክላችሁ የራስሽ ልጅ ግን ከእኔ ገዝታ ትሞቃለች። ይሄ ነው ቃላችሁ?"

እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። "የቷ ልጄ? ማመልከቻውን የጻፈችው?"

"እሷኑ። ሐሙስ ዕለት። እናንተ ቀብር ስትሄዱ።"

"ታምራት፣ በልጄ አትምጣ። ልጄ አታደርገውም።"

"ቆራቢ አይደለሽ? ማይልኝና እኔ ውሸታም ልባል!"

እናቴ ቆራቢ ናት። ቆራቢ አይምልም። በሕይወቴ ስትምል ሰምቻት አላውቅም፤ እውነት ሲሆን እንኳ "እንዲህ ነው" ብላ ዝም ነው የምትለው። አሁን ግን ብድግ አለች። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ፊቷን ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አዞረች። ቀኝ እጇ ሲነሣ አየሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ከንፈሯ ሲከፈት እጇን ያዝኩት።

"አትማይ እማዬ! እውነቱን ነው። ገዝቻለሁ።"

በግ የሚጎትተው ሰው እንኳ ገመዱን ይዞ ቆመ። እናቴ አላየችኝም፤ እጇን ቀስ ብላ አወረደችና ነጠላዋን መለሰች። አቶ ታምራት እጃቸውን አጣምረው ፈገግ አሉ። ያኔ የታየኝ የአምስት ወር እንዶድና የአምስት ወር ዝናብ ነው። በእኔ ምክንያት ሁሉም ነገ ጠዋት ወደዚያ ሱቅ ሲገቡ ታየኝ።

ቀድመው የተናገሩት እትዬ አሰገደች ናቸው።

"ምን ዓይነት ነው?" አሉኝ።

"ብርድ ልብስ ነው።"

"እሱንማ ሰማን። መልኩን ነው የምጠይቅሽ።"

"ነብር አለበት።"

"ነብር!" ብለው ደረታቸውን መቱ። "እኛ ዕድሜ ልካችንን ከበጎቻችን አውሬ ስናባርር ይቺ ገንዘብ ከፍላ አልጋዋ ላይ ታወጣዋለች!"

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ዝቅ ባለ ድምፅ "ሂጂና አምጪው" አለችኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። በማዳበሪያ አልሸፈንኩትም፤ ዘርግቼ በሁለት እጄ ይዤ በገበያው መሀል አለፍኩ። ደረጃው ሥር ስደርስ አቶ ታምራት "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አሉኝ።

"ገንዘቡን አልፈልግም። ብርድ ልብሱን ብቻ ይውሰዱልኝ።"

ዞረው ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም አጥፌ ደረጃው ላይ አስቀመጥኩትና ተመለስኩ።

አዲስ ብርድ ልብስ፣ ባለቤት የሌለው፣ በቅዳሜ ገበያ መሀል ተቀምጦ ዋለ። የሚነካው አልተገኘም። ሰው ዞሮት ያልፋል። አንዲት በግ መጥታ አሸተተችውና ፊቷን አዙራ ሄደች። እትዬ አሰገደች "አያችሁ፣ እሷም አልገዛችም" አሉ።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ሸማኔው ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ደረጃው ሄዱ። ከኪሳቸው ሁለት የባትሪ ድንጋይ አወጡና ከብርድ ልብሱ አጠገብ አስቀመጡ። ወደኛ ዞረው "ሬዲዮ ወዳድ ነኝ፤ ምን ላድርግ? ከልጅቷ በኋላ ዝም ማለት አቃተኝ" አሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ቤቷ ሄዳ ግማሹ ያለቀ ሳሙና ይዛ መጣች። ሌላ ሰው የምስማር ጥቅል አመጣ፤ ትንሽ የጎደለ። ለካ እኔ ብቻ አልነበርኩም። ለካ ስምምነቱ በጓሮ በኩል እየፈሰሰ ኖሯል፤ ያን ቀን በፊት በር ተመልሶ ተደፈነ። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ሲጀምር አቶ ታምራት ራሳቸው ወጥተው ሁሉንም ሰብስበው አስገቡ። ያኔ ፈገግታ አልነበራቸውም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ግማሽ መንገድ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ከዚያ "ልምል ነበር" አለች። "ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።" አለቀስኩ። ትንሽ ቆይታ እጄን ያዘችው፤ እስክንደርስም አልለቀቀችውም።

በሳምንቱ የባና ተራ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ልቃቂት ፈትል ይዘው ቤታችን መጡ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ፣ ዳለቻ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሠሩት። መርገጡን ግን "የጥፋትሽ ነው" ተብሎ ለእኔ ተተወ። ሁለት ቀን ሙሉ ረገጥኩ፤ እትዬ አሰገደች አጠገቤ ተቀምጠው "ከተረከዝሽ! ከተረከዝሽ!" እያሉ ያዙኛል። መልኩ ዝንጉርጉር ነው። እንደዚያ ያለ ባና በከተማችን ሌላ የለም።

ከዚያች ቅዳሜ አንድ ወር ያህል ቆይቶ አቶ ታምራት ወደ ሰንበቴው ሽማግሌ ላኩ። ቦታውን ለመመለስ አመልክቻለሁ አሉ። እኛ ሦስት ጊዜ አመልክተን መልስ ያጣንበት ቢሮ ለእሳቸው ማመልከቻ በሁለት ቀን መልስ ሰጠ። ቆርቆሮውን የነቀሉት ወንዶች ናቸው፤ መሬቱን የጠረጉት ሴቶች። እናቴ ማዳበሪያዋን አንጥፋ ስትቀመጥ መሬቱን ሁለት ጊዜ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። በሚቀጥለው ሰኞ ከአቶ ታምራት ሱቅ መጀመሪያ ጨው የገዛነው እኔና እሷ ነበርን። ቃላችን ቦታው እስኪመለስ ድረስ ነበርና።

አሁን በክፍል ውስጥ ስለ ዜጎች መብት ስንማር እጄን አውጥቼ ለመናገር እፈራለሁ፤ የሌሎቹ ልጆች ምሳሌ ሁሉ ትልልቅ ነው። ግን ውስጤ ይኮራል። ሠላሳ ሴቶች ማንንም ሳይሳደቡ፣ አንድ ድንጋይ ሳይወረውሩ፣ ባለመግዛት ብቻ መቀመጫቸውን ሲያስመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኔ ጥፋት ሊፈርስ ነበር። ዕድሜ ልኬን የምኮራበት ግን የእናቴን እጅ ሳትምል መያዜ ነው።

አጥሩ ተነሥቶ እናቴ ባና ተራ ላይ ተመልሳ የተቀመጠችው ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር።