ቆመው የመጡ ወንበር ሠሪዎች

ለጋሼ ፍሬን ስም ያወጣለት እግሩ ነው። የወንበር ፋብሪካውን ሠራተኞች በሰርቪስ ሲያመላልስ ለድመትም ለጥላም ፍሬን ይረግጥ ስለነበር፣ ከኋላ የተሳፈረው ሁሉ እርስ በርሱ እየተላተመ በስድብ ይመርቀው ነበር። የሰርቪሱ ወንበሮች ስፖንጃቸው አልቆ ብረታቸው ቀርቷል። ሚስቱ እዚያው ፋብሪካ የወንበር ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው አገር መቀመጫ ስትሰፋ ትውልና በብረት ላይ ተቀምጣ፣ ወገቧን እያሸች ቤቷ ትገባለች።

የፋብሪካውን ወንበር ጠቅልሎ የሚገዛው ባሕር ማዶ ያለ አንድ የአውቶቡስ ኩባንያ ነበር። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሹም፣ ቁልፉን ከሚስቱ አብልጦ የሚወድ ሰው፣ አንድ ሕግ ነበረው፤ ሰው የተቀመጠበት ወንበር አይላክም። አንዱን ሠራተኛ ምሳውን ወንበር ላይ ተደላድሎ ሲበላ አግኝቶት ከሥራ አባሮታል። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ወንበሩን እንደ ጋለ ብረት ይሸሸው ጀመር።

አንድ ዓመት፣ ገዢዎቹ ወደ ሌላ አገር ርካሽ ወንበር ፊታቸውን አዞሩ የሚል ወሬ መጣ። እውነት ከሆነ ሚስት ከስፌቷ፣ ባል ከመሪው መውረዳቸው ነው። የአገር አምራቾችን የውጭ ሽያጭ እንዲጠብቅ ከንግድ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሥልጣን ተላከ። ከረባቱ ረጅም፣ ንግግሩ ከከረባቱ የረዘመ ነበርና ሠራተኛው "ከረባት" አለው። ገዢዎቹ ነገ ፋብሪካውን ሊያዩ ሲመጡ ሠራተኞቻችን በገዛ ወንበራችን ተንደላቀው ሲገቡ ይዩ፣ አለ። አዲስ ወንበሮች በሰርቪሱ ተገጠሙ። መቀመጥ እንደተፈቀደ ለሠራተኛው መንገር ግን ማንንም ትዝ አላለውም።

በማግስቱ ጋሼ ፍሬን መንገዱን ሙሉ ተቀመጡ እያለ ቢለምንም ሰሚ አላገኘም። ገዢዎቹ፣ ከረባትና ሹሙ ቆመው በሚጠብቁበት የፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ፣ ሰው ሁሉ መተላለፊያው ላይ ተጠቅጥቆ ብረት ጨብጧል። ከገዢዎቹ አንዷ በመስኮት አየችና አስተርጓሚውን ጠየቀች፤ ለምን አይቀመጡም? ወንበሩ ምን አለበት? ከረባትን ላብ አጠመቀው።

ጋሼ ፍሬን ወደ ሚስቱ ዞረ። "አንቺ፣ በእናትሽ ተቀመጪ።"

"ሹሙ ቆሞ እያየኝ? አንተ ምን አለብህ፣ ተቀምጠህ ታወራለህ።"

እውነቷን ነው። ከመሪው ተነሣና ዘይት በጠጣ ሱሪው የፊተኛው ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ሹሙ ዓይኑን ጨፈነ።

"እንግዲህ ከተባረርንም አብረን ነው" ብላ ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ሌላውም ተከተለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ሰፊ፣ እትዬ መርፌ የሚሏቸው፣ ዝግ ብለው ተቀመጡ።

"ዕድሜ ልኬን ስሰፋው ኖሬ፣ ከቂጤ ጋር ዛሬ ገና ተዋወቀ" አሉ።

አስተርጓሚው አፍሮ ሊያልፈው ሲል ገዢዋ ካልነገርከኝ ብላ ያዘችው። ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች፤ ገብታም ከእትዬ መርፌ ጎን ተቀመጠች፤ ቶሎም አልተነሣች። ውሉ ታደሰ። ከረባት በንግግሬ ነው ብሎ ለአለቆቹ አወራ።

ከሰዓት በኋላ ሹሙ ወንበሮቹን ነቅሎ ለገዢዎቹ ሊልክ መፍቻ ይዞ መጣ። ጋሼ ፍሬን በሩ ላይ ቆሞ ሕጉን አስታወሰው፤ ሰው የተቀመጠበት አይላክም። ሹሙ የገዛ ሕጉን ማፍረስ አልሆንልህ ብሎት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ተመለሰ።

ወንበሮቹ እዚያው ቀሩ። የሾፌሩን ወንበር ለመለወጥ ግን ያሰበ የለም፤ ጋሼ ፍሬን ጡረታ እስኪወጣ በዚያው ብረት ላይ ነዳ። ለጥላ ፍሬን ሲረግጥ ግን ከኋላ የሚሰድበው ጠፋ። ሁሉም ተኝቷል።