የደምሴ አከራይ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ኪራዩ ሃያ ሁለት ሺህ ብር፣ ደረጃው ሰባ ሁለት ነው፤ ኪሴም ጉልበቴም አልቻሉትም። ጓደኛዬ ደምሴ ግን እዚያው ብሎክ ላይ ምድር ቤቱን በአሥር ሺህ ተከራይቶ ይኖርበታል። "አከራዬ የእግዚአብሔር ሰው ነው፤ ጨምር ብሎኝ አያውቅም" ባለኝ ቁጥር የበላሁት አይወርድልኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቅናቱ አሸነፈኝና የሰፈሩን ደላላ ለብቻው ጠራሁት። "የደምሴን አከራይ ፈልግልኝ። እኔ አሥራ አምስት እከፍላለሁ።"

"ጋሼ፣ ጓደኛዎ አይደሉ እንዴ?"

"ኮሚሽንህን ትፈልጋለህ አትፈልግም?"

በማግስቱ ስልክ ቁጥሩን ከድሮ ደብተሩ አግኝቶ መጣ። ከብሎኩ ጥግ፣ ከደምሴ መስኮት ትንሽ ራቅ ብለን ቆመን ደወለና እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። አከራዩ ዋጋውን ሲሰማ ትንሽ አሰበ።

"ያለው ተከራይ ደግ ሽማግሌ ነው፤ ማስወጣቱ ያሳዝነኛል" አለ። "አሥራ ስድስት ካደረጉት ግን ነገውኑ አስወጣዋለሁ።"

ድምፁ ከስልኩም፣ ከደምሴ መስኮትም ነበር የሚመጣው።