ጨውና ስኳር የሚገቡበት በር

ልጅ ሳለሁ፣ ወሎ ውስጥ፣ ተረት የሚያወራልን የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ይማም ነበር። በጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆኖ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ስለነበር፣ ተረቱ እንደ ሌላው ሰው ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም፤ ስለ ገላችን ነበር። ያኔ መብራታችን ኩራዝ ነው፤ ጭሱ ጣራውን አጥቁሮት፣ የምድጃው ፍም ጉልበታችንን እየለበለበን፣ እኔና እህቴ ዘሃራ ቁርበት ላይ ተጋድመን፣ የሳሙና ሽታ ያልለቀቀውን እጁን እያወዛወዘ ሲያወራ እንሰማው ነበር።

ከሁሉ የምወደው የከተሞቹን ተረት ነበር። በሥጋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥር የሌላቸው ከተሞች አሉ ይለን ነበር፤ ሐኪሞች ሕዋስ ይሏቸዋል። የከተማዋ አጥር ድንጋይ አይደለም፤ በሁለት ረድፍ የቆሙ ዘበኞች ናቸው። የዘበኞቹ ራስ ውሃ ይወዳል፣ እግራቸው ግን ቅባት ስለሆነ ውሃ ይጠላል። ስለዚህ የውጪው ረድፍ ራሱን ወደ ውጪው ውሃ፣ የውስጡም ረድፍ ራሱን ወደ ከተማዋ ውሃ አድርጎ፣ እግራቸውን መሃል ላይ ገጥመው ይቆማሉ። እንደ ገበያ ሰው እየተገፋፉም ቦታ ይለዋወጣሉ። አየር በመካከላቸው ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ ማንም አይጠይቀውም። ውሃ የራሱ ጠባብ በር አለው። ጨው ግን መከራውን ያያል።

«አጥሩን ለምን አይዘለውም?» አለች አንድ ምሽት ዘሃራ።

«ቅባት ነው እኮ፣ አያስጠጋውም! ደግሞ ጨው እንዳንቺ ፍየል አይደለም።»

ስቀን ስናበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአንጀታችን አጥር ላይ ስላለው አንድ በር ይነግረናል። በዚያ በር ጨው ብቻውን ቢያንኳኳ አይከፈትለትም፤ ስኳርም ብቻውን ቢመጣ እንደዚያው። ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ ግን ዘበኛው አብሮ ያስገባቸዋል፣ ውሃም ይከተላቸዋል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ ብቻ ሲያጠጡት ውለው የሚሞተው ይህን በር ባለማወቅ ነው ይል ነበር። ልኩንም እንደ ቁርአን ያስደግመናል፦ በአንድ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

ዛሬ ሪያድ፣ መላዝ ሠፈር፣ የአንድ ሕንፃ ጠባቂ ነኝ። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ በደረት ኪሴ እይዛለሁ፤ መንገድ ልሻገር ስል እንኳ ሁለቴ እዳስሰዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ፉጣ በሚባለው ሠፈር በአንድ ክፍል ተጠጋግተው የሚኖሩ ያገሬን ልጆች እጠይቃለሁ፤ በዕድሜዬ ስለምበልጣቸው አባባ ይሉኛል። ባለፈው የሙቀት ወራት አንድ ዓርብ ረፋድ ስደርስ፣ ሰይድ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ ከትናንት ጀምሮ በተቅማጥ አልቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ አገኘሁት። በባሕር የመጣ ልጅ ነው፤ ኢቃማ የለውም። ጓደኛው ከድርም የለውም።

ውሃ አፈላሁ። ስኳሩን ለካሁ፣ ጨውን በቢላ ጀርባ አስተካክዬ ለካሁ። በማንኪያ አጠጣሁት።

«እዩት አባባን» አለ ሰይድ በተሰባበረ ከንፈሩ እየሳቀ፤ «በሻይ ማንኪያ ሊያድነኝ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ረጋ። ከጁምዓ ሶላት ሰዓት በኋላ ግን የጠጣውን ሁሉ ይመልሰው ጀመር።

«አባባ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ሆስፒታል ይሂድ» አለኝ ከድር። «እኔ ብወስደው ሁለታችንንም ይይዙናል። ኢቃማ ያለህ አንተ ብቻ ነህ። አብረኸው ግባ።»

«ትንሽ ይጠጣ እስቲ። ኢንሻአላህ ይረጋለታል።»

«አይረጋም! እያየኸው አይደል?»

አባባ ይማም ያኔ አንድ ነገር ጨምሮ ነግሮናል፦ በሽተኛው የጠጣውን ከመለሰ በሩ ተዘግቷልና ውሃው በደም ሥሩ መግባት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ማንኪያ አይሠራም፣ ተሸክሞ መሮጥ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ነገር ግን ኢቃማ ከሌለው ሰው ጋር የተያዘ አብሮ ይጠየቃል፣ አብሮም ይባረራል ሲባል ስሰማ ስለኖርኩ፣ ከፊሌ፣ ኢቃማዬን ያወጣልኝ አሠሪዬ፣ ፊት ቆሜ ምን እንደምለው እያሰብኩ፣ ሌላ ሊትር ውሃ ጣድኩ። ሦስተኛም ጣድኩ። ሰይድ ማሾፉን ተወ፣ ቀጥሎም መናገሩን ተወ፤ ያን ጊዜ ብቻ ተነሣሁ። ከድር ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባው፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። መንገድ ላይ እጁ ቀዘቀዘ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ኢቃማዬን አውጥቼ ይዤ ነበር። የቆመው ሰው እጄንም አላየው፤ የሰይድን ፊት አይቶ «ያላ፣ ያላ!» እያለ አልጋ አስመጣና ሁለቱን መዝጊያዎች ወለል አድርጎ ከፈተልን። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ሐኪሙ ወጥቶ የሰይድን ማለፍ የነገረኝ ብዙም ሳይቆይ ነው። ቀደም ብለን ብንመጣስ አልኩት። ትከሻዬን ነክቶኝ ሄደ።

ከዚያ ተረት ምን ቀረልኝ እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። አንዱም አልጠፋኝም፤ ዘበኞቹ፣ ረድፋቸው፣ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደማያልፍ፣ ልኩ እስከ ግማሽ ማንኪያው። ጠፍቶኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በሳምንቱ የሰይድ እናት ከአገር ቤት ደወለች። ብዙ አለቀሰችና፣ «በሽታው እንዲህ የሚገድል መሆኑን ሳታውቁ ቀርታችሁ ነው አይደል ወንድሜ?» አለችኝ።

«አዎ እህቴ፣ አላወቅንም» አልኳት።