የአባቴ ሁለት ሬዲዮ

ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሽማግሌው አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

በባጃጁ ሬዲዮ አቅራቢዎቹ ስለ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ሲቀላለዱ ቆይተው፣ "ተደብቃችሁ ስትሠሩት የተነቃባችሁ ነገር ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። አንዷ ደውላ በጾም ክትፎ ስትበላ አማቷ እንደደረሱባት ተናዘዘች።

"ይሄማ ምን አላት!" አለ አባቴ። ከዚያ ለእኔም ነግሮኝ የማያውቀውን አወራ።

በደርግ ጊዜ፣ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ላይ ሳለን፣ የእነሱን ሬዲዮ ሲሰማ የተያዘ ሰው መመለሻው አይታወቅም። አባቴ ደግሞ ያለ ሶማሊኛ ዘፈን ጫት አይጥመውም።

ስለዚህ በርጫ ላይ ትልቁን ሬዲዮ መስኮቱ ላይ አድርጎ የመንግሥትን ዜና ይለቃል። ትንሿን ትራስ ሥር ደብቆ ዘፈኑን ይሰማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። የአባቴ ጫት ጉንጩ ውስጥ ደረቀ።

ሰውየው ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አቦ፣ ትልቁን ቀንሰው እንጂ! አጥሩ ጋ ሆነን ዘፈኑን አላሰማን አለ እኮ!"

አባቴን እስካሁን የሚያናድደው ያን ሁሉ ዜና በከንቱ መስማቱ ነው።

እናንተስ ቤት? ተደብቃችሁ ስትሰሙ አጥሩ ጋ የቆመው ማን ነበር?