ሠርጉ የውሸት ነበር

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ሰላም ሣጥኔን ከፍታ የሠርግ ቀሚሴን ስታወጣ ደረስኩባት። ምን ልትሆኚበት ነው ብላት፣ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ፣ አንድ ልጅ ለውትድርና ሊታፈስ ነው አለችኝ። ሙሽራ መስላ ልታሻግረው ኖሯል! ዘዴውን ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኳትም። አያቷ ታደሰ በየሠርግ ቤቱ የሚያወራት ታሪክ ናት፤ እሱ ሲያወራት ታስቃለች።

እኔ ሳወራት እንዲህ ናት። ያኔ ማዶ ነበርን፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ታደሰ የጎረቤታችን ልጅ ሲሆን ሎሪ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ቀበሌው ወጣቱን እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ሲልክ እሱ ቆጥ ላይ ተደብቆ ሦስት ሳምንት ከረመ። እናቱ መጥታ፣ ሙሽራው መስሎ ይሻገር ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ኬላው ሁሉን ይፈትሻል፤ ሙሽራ ማስቆም ግን ነውር ነው። እስከ ማታ ትመለሻለሽ ተባልኩ። ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ የመልቀቂያ ፈተና አለብኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ልበል?

ዓመቱ ድርቅ ነበር፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። አጃቢ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ኬላው ደረስን። ወታደሩ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ አሳለፈን።

ከድንበሩ ወዲህ ቡቲዬ የምትባል መንደር፣ የታደሰ አክስት ቤት ስንደርስ ፍየል ታርዶ፣ ሩዝ ተሠርቶ ጠበቀን። አክስቱ ወሬ እንዳይወጣ ብላ ምስጢሩን ለማንም አልተናገረችም። ስለዚህ የመንደሩ የቦረና ሽማግሌዎች ሙሽራ መጣች ሲባል ሊመርቁን መጡ። ሣር ወተት ውስጥ እየነከሩ እየረጩን ሳለ ሰማዩ አጉረመረመ። ሁለት ዓመት ጠፍቶ የነበረው ዝናብ ወረደ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እየጨፈረ ራሰ፤ እኔም ጨፈርኩ፣ ሞኟ።

ሲያባራ ልሂድ አልኩ። ወዴት አሉኝ ታላቁ ሽማግሌ።

«አባባ፣ ሠርጉ የውሸት ነው። ልጁን ለማሻገር ብለን ነው።»

«እናንተ ዋሽታችሁ ይሆናል» አሉ። «ሰማዩ ግን አልዋሸም።»

ከዚያ ወዲያ ከብት ያለው ሁሉ ዘበኛዬ ሆነ። ወደ መንገድ ብል ሴቶቹ በፍቅር፣ በወተት፣ በልመና ይመልሱኛል፤ ሙሽራዋ ከሄደች ዝናቡም ይሄዳል ይላሉ። ሰኞ ጠዋት ቡቲዬ ቆሜ ማዶ ኮረብታው ላይ የትምህርት ቤታችንን ቆርቆሮ አየሁ። በሳምንቱ ታደሰ መኮብለሉ ማዶ ተሰማ። አሁን ብመለስ የምታሰረው እኔ ነኝ። ቀረሁ። ልጅ መጣ፣ ሌላም መጣ።

ታደሰ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ግን እሱ አመለጠ እንጂ የታፈስኩትስ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ቀሚሱን አጥፌ ሣጥኑን ቆለፍኩ። ሰላም ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ልጁስ ይወሰድ ወይ አለችኝ።

«አይወሰድም። እኔው አመጣዋለሁ» አልኳት። «እኔ በሽተኛ፣ እሱ ደጋፊ፤ አሮጊት ሐኪም ቤት የሚወስድን ልጅ ማን ያስቆማል? አንቺ ሰኞ ፈተና አለሽ። እኔም ነበረኝ።»

ታደሰ በረንዳው ላይ ሻይ እየጠጣ ኖሮ ሰምቶናል። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የምን ፈተና?» አለ።

«የሒሳብ» አልኩትና ነጠላዬን አጣፍቼ ሰው የሚያመላልስ የቦዳቦዳ ሞተር ልጠራ ወጣሁ።