በውኃ ተራዬ የጸለይኩት ጸሎት

ከአዋሽ አርባ የመነሻ ትእዛዝ የደረሰን ረፋድ ላይ ነው። ኮዳችንን ሞልተን፣ ክላሻችንን ይዘን ጭነት መኪና ላይ ወጣን። ወዴት እንደምንሄድ የነገረን የለም፤ መኪናው ገዋኔን አልፎ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ግን ቡሬ ግንባር እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ሰመራ ያኔ ከተማ ለመሆን ገና የምትጥር ነበረች፤ ከአቧራና ከጥቂት ቆርቆሮ ቤት በቀር ያየሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

እኔ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ካልጎተተችኝ በቀር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አላውቅም። መኪናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ደምሴ ግን ጠዋት ሳይጸልይ ውኃ አይቀምስም። ምሽግ ከገባን በኋላም አልተወም። አንድ ቀን «ግን ምን እያልክ ነው የምትጸልየው?» አልኩት።

«ሰላምታ ነው። አንተ የሚያስፈልግህ ነገር ከሌለ አባትህን አታናግረውም?»

እኔ የምጸልየው መድፍ ሲያጓራ ነበር። ሲያቆም እኔም አቆማለሁ።

የያዝነው ኮረብታ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ጥላ የለውም። የውኃ ቦቴው ከሥር ካለው ደረቅ ወንዝ አልፎ መውጣት አይችልም። ስለዚህ በየቀኑ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ሁለት ሰው ጀሪካን ይዞ ይወርዳል። መንገዱን ጠላት ያየዋል። ሞርታሩን አነጣጥሮ ይጠብቃል።

ተራዬ ደረሰ። የምወርደው ሰይድ ከሚባል የወሎ ልጅ ጋር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ክላሼን ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ እንደገና ፈታሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ምሽጉ ጥግ ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ ዛሬ እኔ አልውረድ። ማንም ይውረድ፣ እኔ ብቻ አልውረድ» አልኩ። ቃሉ ይኸው ነው፤ አላሳመርኩትም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መትረየስ ተኳሹን ሙቀት ጣለው፤ ራሱን ሳተ። ረዳቱ እኔ ነበርኩ። የጋንታ መሪያችን እየሮጠ መጣ።

«አንተ መትረየሱን ያዝ። ደምሴ፣ አንተ ውረድ!»

ደምሴ ጀሪካኑን ከእጄ ተቀበለኝ። «አይዞህ፣ ቀዝቃዛውን አመጣልሃለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ ደስ አለኝ። ለብዙ ዓመት ለማንም ያልነገርኩት ይህን ደስታ ነው።

ሦስት ሞርታር ወደቀ። ሁለተኛው ደምሴን መታው። ሰይድ አንድ ጀሪካን ይዞ እየተሳበ ተመለሰ። «ኢናሊላሂ» አለና ጀሪካኑን አቀበለኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ውኃውን ጠጣሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አጠቁን። ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለት ጊዜ መለስናቸው። አራት ሰዓት ላይ ጸጥ አለ። እኔን ጭረት እንኳ አልነካኝም።

ከጦርነቱ በኋላ ሰመራ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። መጸለይ ግን አልቻልኩም። አፌን ስከፍት ያ ጸሎት ይመጣብኛል። ቅዳሴ እሄድና ሳያልቅ እወጣለሁ። ቢሮ ወንበር ላይ አልረጋም፤ ቤቴም ከጓዳ እስከ በር ስመላለስ ነው የሚመሸው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ፈልጎኝ መጣ። «ተፈራ እባላለሁ፣ የደምሴ ታላቅ ወንድም ነኝ። አብራችሁ እንደነበራችሁ ሰይድ ነገረኝ» አለ። ከመኪናው ተሳቢ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እንዴት እንደሞተ እንድነግረው ጠየቀኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ተራው የእኔ ነበር። እንዳልወርድ ጸለይኩ። እሱ ወረደ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር።

«እኔም በየቀኑ እጸልይ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሱ እንዲመለስልኝ።»

መሬቱን እያየ ቀጠለ።

«ሁለት ዓመት እግዚአብሔርን አኮረፍኩት። መሪ ይዤ ብቻዬን ስነዳ እንኳ አላናግረውም። በኋላ ግን ሐዘኔን ለማን ልንገር? እሱኑ ማናገር ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ወቀሳ ብቻ ነበር» አለና ዓይኑን ጠረገ። «በል ተነሥ። አብረን እንቁም።»

አባታችን ሆይ ማለት ጀመርን። ግማሹ ላይ አቋረጥኩ። እሱ አላቋረጠም፤ ቀስ ብዬ ደረስኩበት።

ከእኔ በኋላ ለመጣችሁት፣ ጸሎት ከሞት ያድናል ብዬ አልነግራችሁም። ከሁላችን አብልጦ የሚጸልየው ሞቶ እኔ ተርፌአለሁ። የማውቀው፣ ሳልጸልይ የኖርኩባቸው ዓመታት ከምሽጉ ይበልጥ እንደከበዱኝ ነው። ዛሬም ልቤ ጨርሶ አላረፈም፤ ግን ማለዳ ማለዳ እቆማለሁ።

ከጋንታችን ሠላሳ አንድ ሰው አሥራ አንዱ እዚያ ኮረብታ ላይ ቀሩ። ስማቸውን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ለአሥሩ ምሕረት እለምናለሁ። ደምሴ ላይ ስደርስ ምን ብዬ እንደምለምን እስካሁን አላውቅም፤ ስሙን ብቻ እጠራለሁ።